የአባቴን ሞተር በ7 ሺህ ብር ሸጥኩት!

እኔ በዚህ ገጽ ላይ የሰው ጉድ እያነበብኩ «አይ ሰው!» ብዬ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ተራው ደረሰኝና የራሴን ጉድ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ጉዳዩ የፍቅር አይደለም። ነው እንኳ ብትሉኝ አልከራከራችሁም፤ ያፈቀርኳት ግን ባለ አራት ጎማ ናት።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሞላው ነው። ባለፈው እሁድ በጠዋት መጥቶ በሬን አንኳኳና «አንተ ታውቃለህ አሉኝ፤ የአጎቴ ዲኤክስ ላይ ሞተር ልቀይር ነው፣ የት ላሠራ?» አለኝ። ዓይኑን አየሁት። ያ ዓይን የኔ ዓይን ነው! በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የአባቱን፣ የአጎቱን አሮጌ መኪና ከጓሮ እየጎተተ የሚያወጣ ወጣት በዝቷል። አልፈርድበትም። ብቻ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስበት የሆነውን አንድ ሳላስቀር ልንገራችሁ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በሕይወቱ የገዛት መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ። ይህቺ ዓይነቷ ኮሮላ ጃፓን ውስጥ መሠራት የጀመረችው በፈረንጆቹ 1979 ነው። ሞተሯ «ፎር ኬ» ይባላል፤ 1,290 ሲሲ፣ ስምንት ቫልቭ፣ ባለ ካርቡራቶር፣ የሚገፋት የኋላ እግሯ። ሲያረጅ የሚያጨስ፣ ሲያጨስም የሚሠራ፣ በሽቦና በፒንሳ የሚታከም ሞተር ነው። አባቴ በየሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይቀይርላት ነበር። የቀየረበትን ቀን በኮፋኖው ውስጠኛ በኩል በእርሳስ ይጽፋል። እንዲያው ለእኛ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ እንኳ ያን ያህል አይጨነቅም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አባቴ አረፈ። ቁልፉ ለኔ ደረሰኝ።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ጓደኞቼን ጭኜ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ዲኤክሷ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ መርፌው ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዳገቱን በሩጫ የሚወጡ ስፖርተኞች አለፉን። በእግራቸው እኮ ነው የምላችሁ! ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ (ያኔ ልቤን የሰቀለችው እሷ ነበረች) «ወርደን እንግፋላት እንዴ?» ስትል መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም። የዚያኑ ማታ ከቪዲዮ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። የኛዋ ዲኤክስ የቅርብ ዘመድ የሆነችው፣ በ1983 የወጣችው «ኤይት ሲክስ» ኮሮላ በጃፓን ተራራ ላይ ጎማዋን እያስጮኸች ስትታጠፍ አየሁ። «ኢኒሻል ዲ» የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ያያችሁ ታውቋታላችሁ፤ እዚያ ላይ የጀግናው ሞተር ይፈነዳበትና የውድድር ሞተር ይገጠምለታል። ታዲያ እኔ ከማን አንሼ!

መጀመሪያ የሄድኩት አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ያሠራባቸው ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። ሐሳቤን ስነግራቸው በቀሚስ እጀታቸው... ይቅርታ፣ በቱታቸው እጀታ ግንባራቸውን ጠረጉና፣

«ምን አጥተህ ነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ ጉልበት የላትም።»

«ጉልበት ከፈለግህ 'ፋይቭ ኬ' ፈልግ። ከላይት ኤስ ላይ የሚወርደውን። 1,486 ሲሲ ነው፤ የዚችው ሞተር ታላቅ ወንድም። በዚሁ ሱፖርት ይቀመጣል፣ ይሄንኑ ካምቢዮ ይይዛል፣ ብየዳ የለው ምን የለው። ግን መጀመሪያ ፍሬኗን እንሥራ። ራዲያተሯም ደክሟል። አሞርዛቶሩን ቀይር። ሞተሩ ከዚያ በኋላ ነው።»

እኔ የሰማሁት «ላይት ኤስ» የሚለውን ብቻ ነው። የሚኒባስ ሞተር! ልጅቷ ብትሰማስ? «አስብበታለሁ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ያው፣ አላሰብኩበትም።

ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ወጣቱ መካኒክ እንደኔው ቪዲዮ የሚያይ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወንድማማች ሆንን። «ፎር ኤ አምጣልኝ፣ በሦስት ሳምንት አበራታለሁ» አለ። አብረን መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ወረድን። እዚያ የማይገኝ የመኪና አካል የለም ይባላል፤ እውነት ነው፤ የማይገኘው ወረቀቱ ነው። ነጋዴው አንድ በዘይት የተለወሰ ሞተር ላይ በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ «አሥራ ስድስት ቫልቭ! ባለ ሁለት ካም! ያው የኤይት ሲክሷ ነው» አለን። ቫልቩን ቆጠርን፤ አሥራ ስድስት። ካሙን ቆጠርን፤ ሁለት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ብዙ ወጣት የሚታለለው እዚህች ጋ ነውና። «ፎር ኤ» የሚባሉት ሞተሮች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ 1,587 ሲሲ። ነገር ግን ወንድማማች ሁሉ እኩል አይሮጥም። የኤይት ሲክሷ «ፎር ኤ ጂ ኢ» ነው፤ ለሩጫ የተሠራ ቴስታታ ያለው። እኔ የገዛሁት «ፎር ኤ ኤፍ» ነው፤ የፊት እግራቸው ከሚጎትታቸው የቤተሰብ ኮሮላዎች ላይ የወረደ፣ ለነዳጅ ቁጠባ የታሰበ፣ ባለ ካርቡራቶር። መለያው ቀላል ነው። የታይሚንግ ቺንጋውን ሽፋን አንስታችሁ እዩ። በጂ ኢው ላይ ቺንጋው ሁለቱንም ካም ስለሚያዞር ከላይ ሁለት ፑሌጃ ታያላችሁ። በኤፍ ላይ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ካም የሚያዞረው ቴስታታው ውስጥ የተደበቀ ጥርስ ነው። ሁለት ቡሎን ፈትቶ ማየት ነበር! እኔ ግን የቆጠርኩት ቫልቭ ነው።

ገንዘቡ አልሞላ አለኝ። ነጋዴው «አሮጌውን አምጣና እንያዝልህ» አለ። የአባቴን ሞተር በ7 ሺህ ብር ያዘልኝ። ሲያወርዱት ቆሜ አየሁ። ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በአባቴ ጨርቅ እንደተወለወለ ነበር። አንድ ልጅ በእጅ ጋሪ እየገፋው ወደ ውስጥ ይዞት ገባ። ምንም አልተሰማኝም ብላችሁ እዋሻለሁ፤ ግን ከተሰማኝ ሐዘን የተሰማኝ ችኮላ በለጠ።

ሦስቱ ሳምንት ሦስት ወር ሆነ። ለምን በሉኝ። ያ ሞተር መኪና ውስጥ በአግድሞሽ ተጋድሞ የኖረ ነው፤ የኛዋ ደግሞ ሞተሯን በቁመት ነው የምታስተኛው። ስለዚህ ከጀርባው ያለው የውሃ ቱቦ ከነጓዙ ሞተር ክፍሉን ከተሳፋሪ የሚለየው ላሜራ ላይ ይጋጫል። ኮፓው ከሥር ያለውን ብረት ይነካል፤ ተቆርጦ መበየድ አለበት። ሱፖርቱ አይገጥምም። ከሁሉ የባሰው ካምቢዮው ነው፤ የአባቴ ካምቢዮ ለኬ ሞተር የተሠራ ስለሆነ ቡሎኖቹ አይገናኙም። መካኒኩ ቶርኖ ቤት ወስዶ መሐል የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን አስቆረጠ። ሳህኑ የወረቀት ውፍረት ያህል ከመሐሉ ሸሽቶ ኖሮ ከሁለት ወር በኋላ ኩሽኔታውን ፈጨው። ፍሪሲዮን ስረግጥ የሚሰማውን ጩኸት ብትሰሙት ቡና የሚወቀጥ ይመስላችኋል። እንደገና ማውረድ፣ እንደገና ቶርኖ፣ እንደገና ብር።

ያም ሆኖ የመጀመሪያዋን ቀን አልረሳትም። ውሸት ምን ያደርግልኛል፤ ደስ ይላል! ቀለበት መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት ወንበሩ ጀርባዬን ያዘኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ብቻዬን ሳቅኩ። ልጅቷም ተሳፈረች፤ «አሁንማ መኪና ሆነች» አለች። ዓለም የኔ ሆነች።

እማዬ ግን ድምፁን ከበር ላይ ሰምታ «ማን መጣ?» አለች። ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ነው።

ቆይቼ የተማርኩትን አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ላክልላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር የሚሠራው ደግሞ በሚተነፍሰው አየር ልክ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኔው «አሥራ ስድስት ቫልቭ» ፋብሪካው ሲያወጣው 95 ፈረስ ጉልበት ግድም ነው። ሩቡን ቀንሱለት፤ ሰባ ምናምን ይቀራል። የአባቴ ፎር ኬ ጃፓን ባሕር ዳርቻ ላይ ሳለ የሚሰጠው ስንት ይመስላችኋል? እሱም ሰባ ገደማ! እኔ ያን ሁሉ ብር አፍስሼ የገዛሁት የጃፓኖች ዲኤክስ በአገሯ የምትሮጠውን ሩጫ ነው። እንጦጦ ላይ ያፈረችውም መኪናዋ ታማ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ካርቡራቶሩም ለባሕር ዳርቻ አየር የተቃኘ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ሽማግሌው መካኒክ ለአባቴ ጂግለሩን በትንሹ ቀይረውለት እንደነበር የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አባይ እንውረድ።

የ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን እማዬን ጭኜ ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሳሁ፤ ዘመድ ጥየቃ። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ንጉሥ ነበርኩ። ያላለፍኩት አይሱዙ የለም። ከጎሃ ጽዮን ወዲያ መንገዱ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እኔ በአራተኛ ማርሽ፣ በየጠመዝማዛው ፍሬን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ60 የምትሄድ መኪና ያላት ግፊት በ85 ስትሄድ እጥፍ ይሆናል። ያን ግፊት የሚውጠው ፍሬን ብቻ ነው፤ ውጦም ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። የኔ ፍሬን ደግሞ ያው የአባቴ ፍሬን ነው፤ ከፊት ትንንሽ ዲስክ፣ ከኋላ ከበሮ። ሞተር ስቀይር አልነካሁትም። የፍሬን ዘይቱንም ከአባቴ ሞት ወዲህ የቀየረው የለም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ። «ምንድነው የሚሸተው?» አለች እማዬ። «የፊተኛው መኪና ነው» አልኳት። የፊተኛው መኪና! ከፊታችን ማንም የለም እኮ። በሚቀጥለው ጠመዝማዛ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። በሚቀጥለው ወለሉን ነካ።

እናንተዬ፣ ባዶ ፔዳል ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? እግር ደረጃ አለ ብሎ የሌለ ደረጃ ላይ ሲወርድ ያለው ስሜት ነው፤ ብቻ አያልቅም። ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ እየጮኸች ወደ ሁለተኛ ሰበርኩት። አማኖውን እየሳብኩ እየለቀቅኩ ወደ ተራራው ወገን አስጠጋኋት። ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ጎኗ ድንጋዩን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመች። በስተግራ ገደሉ አለ። ገደሉን ለማየት አልዞርኩም።

እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ስትል ቆየችና ዝም አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣

«አባትህ እዚህ ጋ ሁልጊዜ በሁለተኛ ነበር የሚወርደው» አለችኝ።

ሌላ ምንም አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ከኋላ የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ቆመልን። የውሃ ጀሪካን ይዤ ወደ ጎማው ስሄድ ጮኸብኝ፦ «ተው! የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ እንዳታፈስ፣ ይሰነጠቃል!» ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ሳለ ዶት 3 የሚባለው ከ200 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ ግን 140 አካባቢ ላይ ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ለዚህ ነው ፔዳሉ ባዶ የሆነው። አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን፤ ሲበርድ ፔዳሉ ተመለሰ። «አሁን በአንደኛና በሁለተኛ ብቻ፤ ሞተሩ ይያዝልህ» አለኝና ከፊቴ እየመራ እስከ ድልድዩ አወረደን። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ በዚያ በበረሃው ሙቀት የአባቴ ራዲያተር አዲሱን ሞተር ማብረድ አቅቶት ሁለቴ ፈላብን። ሽማግሌው የዘረዘሩልኝ አንድ በአንድ፣ በተራቸው መጡ፤ ፍሬን፣ ራዲያተር። አሞርዛቶሩም በመልሱ መንገድ ተራውን አልዘለለም።

ስመለስ ፍሬኗን አሠራሁ፣ ትልቅ ራዲያተር አስገባሁ። ጉዱ አለቀ ብዬ ነበር። ዋናው ግን ገና ነው።

በ2012 ዓ.ም. እማዬ ታመመች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ፤ የተጠየቀው ብር ከቤታችን አቅም በላይ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እሳት ስላደረገው፣ አገር ውስጥ ያሉት ዋጋቸው ተሰቅሏል። ለዲኤክሷ ያልጠበቅነው ገዢ፣ ያልጠበቅነውን ብር ይዞ መጣ። ነዳት፣ ወደዳት። ቀብድ ሊሰጠን ሲል «ሊብሬውን ልየው» አለ።

ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ፤ የሞተር ቁጥርም አለ። ሰውዬው ኮፋኖውን ከፈተ። ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

«ይሄ የማን ሞተር ነው?»

ሞተር መቀየር በራሱ ወንጀል ሆኖ አይደለም። ቀያሪው አስመርምሮ፣ የመጣበትን ማስረጃ አቅርቦ ሊብሬው ላይ ማስተካከል አለበት። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ ስጠይቅ «የሞተሩን ዲክላራሲዮን አምጣ» አሉኝ። ሱማሌ ተራ ሄድኩ። ነጋዴው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ የፈረሰ መኪና ሞተር ነው፤ ምን ዲክላራሲዮን አለው?» ያለው ልክ ነው፤ ስገዛ አልጠየቅሁትም። (ቦሎውን በዚያ መሐል እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ፤ ከወጣቱ መካኒክ ጋር የሠራነው ሥራ ስለሆነ ለመናገርም አፍራለሁ።)

«እሺ፣ የኔን አሮጌ ሞተር መልስልኝ» አልኩት። የከፈለኝን እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እሰጥሃለሁ አልኩት። ሞተሩን ለአንድ የላዳ ታክሲ ባለቤት ሸጦት ኖሯል። ሰውየውን ከሁለት ሳምንት ፍለጋ በኋላ አገኘሁት፤ ደግ ሰው ነበር። «ውይ ልጄ፣ ቴስታታውን ነው የፈለግሁት። የታችኛውን ለቁራሌ ሰጠሁት» አለኝ። ቁጥሩ ያለው የታችኛው ላይ ነው። በኪሎ ተመዝኖ ሄዷል።

ገዢው ሄደ። የእማዬን ሕክምና የከፈለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ የሠርግ ወርቋን ሸጣ፣ ዕቁቧን ቀድማ ለምና ወስዳ። እማዬ ተርፋልኛለች፤ ተመስገን። የእህቴን ብር ግን እስከ ዛሬ በወር በወር እየከፈልኩ ነው። ልጅቷስ ካላችሁ፣ ልጅቷ ዲኤክሷ ከመታመሟ በፊት ወርዳለች።

ያ የሰፈራችን ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «የኔ ግን ጂ ኢ ነው፣ ሁለት ፑሌጃ አለው፣ አይቻለሁ» አለኝ። ጎበዝ አልኩት፤ ከኔ ይሻላል። «ፍሬኑስ?» ስለው፣ «በኋላ» አለ። «ዲክላራሲዮኑስ?» ስለው፣ «እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ተነስቼ ከመሳቢያ ውስጥ ሊብሬውን አወጣሁና ገልጬ ሰጠሁት። የአባቴ ስም፣ ከሥሩ የሞተሩ ቁጥር። ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከዚያ የሽማግሌውን መካኒክ ጋራዥ አድራሻ ጠየቀኝ። አሁንም እየሠሩ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ሞተር ያውቃል። ማክሰኞ ከሰዓት አብረን እንሄዳለን።